የአማቴ ሐር

የካቲት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ሁለተኛ ዓመቶቹን ጨርቅ በእሳት መፈተሽ አስተማርኳቸው። ክሩን በወረንጦ ይዞ እሳት ማስነካት። ቀላል ነገር ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ አመዱ ግራጫ። የበግ ፀጉር ይኮማተርና ራሱ ይጠፋል። ፖሊስተር ገና እሳቱ ሲቀርበው ይሸሻል፣ ከዚያ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድ ጥቁር ዶቃ ሆኖ ይቀራል። በየዓመቱ የምለውን ነው ያልኩት። አፌ ብቻውን ያስተምራል። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ሌላ ሰው ሲያስተምር የማይ ነበር የሚመስለኝ።

ሳሚ፣ ከፊት የሚቀመጠው፣ ጥያቄ የማያጣው ልጅ... «ቲቸር፣ ሐርስ?»

ሐር የለንም አልኩት። ኮሌጁ ገዝቶ አያውቅም። እንደ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይደቅቃል፣ ጻፉ አልኩ። ጻፉ።

ክፍሉ በጭስ ሲሞላ ሁሉም አፍንጫቸውን ይዘው ወደ መስኮት ሮጡ። «ቲቸር፣ አንቺ እንዴት ቻልሽው?» ምኑን? ምንም አልሸተተኝም። ኅዳር ላይ ደገፉ ከሞተ ወዲህ ነው መሰለኝ። ባሌን ቀበርኩ፣ ቤቴ ገባሁ፣ ከዚያ በኋላ ሽታም ጣዕምም የለም። ጉንፋን አይደለም። ሐኪም ጋ ልሂድ? ምን ብዬ?

ሽሮ በላሁ። ጨው ያለው ይመስለኛል።

የካቲት 5

ውሃ መጣ። ልብስ አጠብኩ። የደገፉን ሸሚዝ ዛሬም አላጠብኩም። ለምን እንደማላጥበው አላውቅም። ቢሸተኝ እንኳ አንድ ነገር ነው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ከሶዶ ጉኑኖ ሄድኩ፣ አዬ ጋ። የአማቴ ስም አሳየሽ ነው፤ ደገፉ በወላይትኛው «አዬ» ይላቸው ስለነበር እኔም እናቴ እንደማለት ለምጄው ቀረ።

«መጣህ ልጄ?» አሉኝ። አማርኛቸው እኔ ላይ ሲደርስ ወንድና ሴት አይለይም። ድሮ ደገፉ እየሳቀ ያርማቸው ነበር... «አዬ፣ ሚስቴ ናት እኮ!» አሁን የሚያርማቸው የለም። እኔም አንተ መባሉን ወድጄዋለሁ። ሌላ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።

ጓዳው ውስጥ የትሎቹ መደርደሪያ እንዳለ ነው። የጉሎ ቅጠል ሲበሉ የሚያሰሙት ድምፅ ቆርቆሮ ላይ ካፊያ የሚጥል ያስመስላል። ደገፉ ነው ያመጣቸው፣ ግብርና ቢሮ ሳለ። ያኔ ቀበሌው ሁሉ የሐር ትል ያረባ ነበር። ኮኮኑን፣ ማለት ትሉ ፈትሎ የሚገባበትን ጎጆ፣ አንድ ሰውዬ በጆንያ እየሰበሰበ አዲስ አበባ ይወስደው ነበር። ከዚያ ፕሮጀክቱ አለቀ። ሰውዬው መምጣት ተወ። ሰዉም ትሉን ለዶሮ ሰጠ። አዬ ብቻ «ልጄ ያመጣውን ዶሮ አይበላውም» ብለው ቀሩ። የደገፉ ለቅሶ ሰሞን እንኳ ቤቱ በሰው ታጭቆ ሳለ ብድግ ይሉና ቅጠል ሊቆርጡ ይወጡ ነበር። ሰው አጉረመረመ። «ትሉ ለቅሶ አያውቅም፣ ይርበዋል» አሏቸው።

ስለኔም አጉረምርመዋል። ዓይኗ ደረቅ ነው ብለው። ወላይትኛ አትሰማም ብለው ነው። ይህን ያህልማ እሰማለሁ።

የተቀቀለ ቦዬ በዳጣ አቀረቡልኝ። ዳጣው ያቃጥላል መሰለኝ ዓይኔ አነባ። አዬ አዩኝ። ዳጣው ነው አልኳቸው።

ከበላን በኋላ ሳጥናቸውን ከፈቱ። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ። ስሞት የምገነዝበት ብለው ከገዙት ዓመት አልፎታል። ደገፉ ሲሞት ግማሹን ቆርጠው እሱን ገነዙበት። ቀሪው ለራሳቸው ነው።

«ህብረት ይሄ ሐር አይደለም አለችኝ። ልጇ ነው አሉ ከሐዋሳ መጥቶ የነገራት። አንተ የጨርቅ አስተማሪ ነህ። እይልኝ።»

ህብረት ጎረቤታቸው ናት። በአጥር ይጣላሉ፣ በእድር ይታረቃሉ፣ እንደገና በአጥር ይጣላሉ።

ጫፉን ቀደው አስያዙኝ። ገና ሳልይዘው አውቄዋለሁ። በጣቶቼ መሃል ሳሸው ተንሸራተተ... ቀዝቃዛ። ኮሌጁ ላቦራቶሪ ወስጄ አየዋለሁ አልኩ። ለምን እዚያው አልተናገርኩም? 

ሲገነዝ እኮ እዚያው ነበርኩ። አጠገቡ። በምን እንደተገነዘ አላየሁም። የጨርቅ አስተማሪ!

የካቲት 10

ቁራጩ መሳቢያ ውስጥ ነው። አልነካሁትም።

የካቲት 11

ዛሬም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ከቁራጩ አንድ ክር መዝዤ አቃጠልኩት። ተማሪ በሌለበት ሰዓት። ከእሳቱ ሸሸ። ቀለጠ። ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ዶቃ። በማይክሮስኮፕም አየሁት፣ ላይኛው ልሙጥ፣ እንደ መስታወት ዘንግ። ምንም ጠባሳ የሌለው ክር የሰው ሥራ ነው።

የላቡ ሠራተኛ ናኦል ከኋላዬ መጥቶ አየ። «ፖሊስተር ነው። ይሄ ምን ያጠራጥራል?» ምንም አያጠራጥርም አልኩት። «ግን ጥሩ ጥራት አለው» አለ። «ይሄ እኮ መሬት ቢቀበር የልጅ ልጆችሽ አውጥተው ይለብሱታል።» የት እንደተቀበረ አያውቅም። በምን ይወቅ? ፈገግ ብሎ መጥረጊያውን ይዞ ወጣ።

ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ማሰብ ጀመርኩና ማቆም አልቻልኩም። ሐር ቢሆን ኖሮ አብሮት ይሄድ ነበር። ትል የሠራው ነው፣ ሥጋ ማለት ነው፣ አፈር ያውቀዋል። ይሄኛውን ግን አፈር አያውቀውም። ደገፉ ያልቃል። ሥጋው፣ ቀጥሎ አጥንቱ። ጨርቁ ግን እንደታጠፈ፣ እንዳበራ፣ ባዶውን እዚያው ይቀራል። ምንም ያልያዘ ጨርቅ።

ይህን ሁሉ ሳስብ አላለቀስኩም። የተማሪዎች ፈተና አረምኩ።

የካቲት 14

እማዬ ከኮምቦልቻ ደወለች። «ወሰኔ፣ ምን ልትሠሪ ነው እዚያ የቀረሽው? ዝውውር ጠይቂ እንጂ። ለፋሲካ ትመጫለሽ?» አላውቅም አልኳት። «አልቅሰሻል?» አለችኝ። ሁሌ ትጠይቀኛለች፣ መድኃኒት ዋጥሽ ወይ እንደሚባለው። አይ አልኩ። እሷ በኔ ፋንታ አለቀሰች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ጠበቅኳት።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። በአረካ በኩል፣ መንገዱ አቧራ በአቧራ።

አዬ ቅጠል እየቆረጡ ነበር። አብሬ ቆረጥኩ። እጃችን ሥራ ላይ ሳለ እነግራቸዋለሁ ብዬ። ቀድመውኝ እሳቸው ጀመሩ።

«ደገፉ ትሉን ሲያመጣ፣ አዬ ይሄ ሐር ይሆናል፣ የንጉሥ ልብስ ነው አለኝ። እኔ ትል ነው የማየው! ሳቅኩበት። ኮኮን ሸጥን፣ ሸጥን... ጨርቁን ግን አይቼ አላውቅም። ሰውዬው ይወስዳል፣ እዚያው ይቀራል። ከዚያ አረካ ገበያ ሄድኩ። ሱቅ ውስጥ ይሄ ተሰቅሏል፣ ያበራል። ምንድን ነው አልኩት። ሐር ነው አለኝ። ከትል ነው? አልኩት። ከትል ነው እናቴ አለኝ። አየህ? የኔ ትል ሥራ ተመልሶ መጣ።»

እኔ የቆረጥኩትን የጉሎ ቅጠል ቁልሉ ላይ ጨመርኩ።

«ሴቶቹ ለመገነዣው የጥጥ ቡልኮ አምጥተው ነበር። እምቢ አልኩ። ልጄ ባዶ እጁን አይሄድም፣ የራሱን ሥራ ለብሶ ነው የሚሄደው አልኩ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ምን ይባላል? ስንት ዓመት ሐር ያረቡ ሰው ሐር አይተው አያውቁም። ማን ያሳያቸዋል? ከዚህ የሚወጣው በጆንያ ነው፤ የሚገባው የቻይና ጥቅል ነው። ደገፉም አላሳያቸው፣ እኔም አላሳየኋቸው። እኔ ራሴ መቼ በእጄ ይዤው አውቃለሁ?

«ላቡ ምን አለ?» አሉኝ።

ማሽኑ ተበላሽቷል አልኩ። ክብሪት የሚበላሽ ይመስል።

ጣራው ሥር የተንጠለጠለ ጆንያ አየሁ። ሰውዬው መጥቶ ያልወሰደው ኮኮን። ልውሰደው? አልኳቸው። «ውሰድ፣ አይጥ ከሚበላው» አሉ። ጭኜው መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰዉ ጥጥ መስሎት ነበር። ክብደት የለውም። የዚህ ትል ጎጆ ጫፉ ክፍት ነው፤ እንስሳው ቢራቢሮ ሆኖ በሩን ገፍቶ ይወጣል፣ ማንም አይገድለውም። የሚፈተለው የተተወው ቤት ነው።

የካቲት 26

ኮኮኑን በሳሙናና በሶዳ ቀቀልኩት። ትሉ የለጠፈበት ሙጫ ካልወጣ አይፈተልም። የቤት አከራዬ እትዬ ሚርያም አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው መጡ። «የሞተ ነገር አለ እንዴ እዚህ ቤት?» ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ክፉ ይሸታል አሉ... እኔ ድስቱ ላይ አጎንብሼ ነበር። ምንም።

የካቲት 29

እንዝርት ገዛሁ። እማዬ ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግኩት፤ አንድ ቀን ግን ይዤው አላውቅም። «አንቺ ተማሪ» ትለኝ ነበር። ተማርኩ። ባሕር ዳር አራት ዓመት ስለ ክር ተማርኩ፣ በሒሳብ፣ በግራፍ። አሁን ባዘቶውን ስስበው ይበጠሳል። እንደገና። ይበጠሳል። ምን ያህል ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እግሬ ደነዘዘ። እግሬ መደንዘዙ ታወቀኝ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ኤርካሎ ጋ ሄድኩ። ሶዶ ገበያው ጀርባ ዱንጉዛ፣ የወላይታን ባለ መስመር ልብስ፣ የሚሸምነው ሰውዬ። ቀዩም ቢጫውም ጥቁሩም ክር ሰው ሠራሽ አክሪሊክ ነው፤ እሱ ሁሉንም ናይለን ይለዋል። አባቱ በጥጥ ነበር የሚሠሩት።

«ጥጡ ቀለም ይለቃል» አለኝ። «አንድ ክረምት ነው። ናይለን ዝናብ ቢመታው፣ ፀሐይ ቢመታው ያው ነው። አጥበሽ ታሰጪዋለሽ፣ ዞር ስትይ ደርቋል። ልጆቼ በናይለን ነው ያደጉት። ቲቸር፣ የሚያልቅ ነገር ማን ይገዛል?»

እውነቱን ነው። እኔም ለተማሪዎቼ የምለው ይህንኑ ነው። ሰው ሠራሹን መናቅ የጠገበ ሰው ሥራ ነው። የለበስኩት ቀሚስ ምንድን ነው? የደገፉ ሸሚዝስ? ግማሹ ፖሊስተር። አንገቱ እስካሁን አልነተበም።

የፈተልኩትን አወጣሁለት። አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ቀጭን፣ አንዱ ጋ ቋጠሮ። አየው። እኔንም አየኝ።

«ይሄን ማን ፈተለው?»

እኔ።

«ጨርቅ ነው አይደል የምታስተምሪው?»

አዎ።

«እሺ» አለ። ሳቁን ግን አልዋጠውም። ለጊዜው ትንሽ ቁራጭ ይወጣዋል፣ ያውም ድሩን በጥጥ ካደረግነው አለኝ፤ የሐሩ ይበጠሳል። አይሆንም፣ ድሩም ማጉም ሐር ይሁን አልኩት። «ተበጠሰ ብለሽ ኋላ እንዳታለቅሺብኝ።» አላለቅስም አልኩት። እውነቴን ነበር።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

አዬ ደወሉ። ስልክ ላይ ይጮኻሉ፣ ጉኑኖ ሩቅ ነው ብለው። «ህብረት ጸሎት ቤት በር ላይ ፕላስቲክ ነው አለች። ሰው ሁሉ ሰማ። አሳየሽ ልጇን በፕላስቲክ ቀበረች ይላሉ። እውነት ነው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ልጄ፣ እየሰማህ ነው?»

እየሰማሁ ነው አዬ። እመጣለሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊት ለፊት እነግርዎታለሁ።

«ውሸት እንዳትነግረኝ» አሉና ዘጉት።

ብነግራቸው ልጃቸውን ሁለተኛ እቀብርባቸዋለሁ። ባልነግራቸው እሳቸውም በዚያው ይቀበራሉ፣ ሴቶቹም ከኋላቸው ሲያወሩ ይኖራሉ። የቱ ይሻላል? ደገፉ ቢኖር እሱን እጠይቀው ነበር። ደገፉ ቢኖር ጥያቄው የለም።

መጋቢት 18

ኤርካሎ ጨረሰ። የአንገት ልብስ ያህላል። ብዙ ቦታ ተበጥሶበት ቀጥሎታል። አያበራም፣ ክሬም መልክ፣ ሸካራ። ለማያውቅ ሰው ያረጀ ጋቢ ነው። «እንደፈራሁት አይደለም» አለ ኤርካሎ። «ለስላሳ ነው አልልሽም። ግን ዳስሺው፣ ይሞቃል።»

ጉንጬ ላይ አደረግኩት። ይሞቃል።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

መሽቷል፣ ግን ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ። ይሁን።

ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ፣ የሱቁን ቁራጭና የኤርካሎን ሥራ። ሚኒባሱ ውስጥ የምለውን እየተለማመድኩ ነበር። አዬ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥተው ይጠብቁኛል። ሰላምታ የለ፣ ግባ የለ።

«ተናገር።»

አዬ፣ ሐር አይደለም አልኳቸው። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋ።

«ምንድን ነው?»

ከነዳጅ ነው የሚሠራው። መኪና ከሚጠጣው።

«ከትል አይደለም?»

ከትል አይደለም።

«አሳየኝ።»

ክብሪት አመጡ። ከሱቁ ቁራጭ አንድ ክር መዝዤ አቃጠልኩ። ሸሸ፣ ቀለጠ፣ ድንጋዩ ላይ ጠብ አለ። እስኪበርድ ጠበቁና ዶቃዋን አነሷት። በጥፍራቸው ሞከሩ። በጥርሳቸው ሞከሩ። አልተሰበረችም። ከዚያ ከኤርካሎ ሥራ አንድ ክር መዘዝኩ። ቀስ ብሎ ነደደ፣ ተኮማተረ፣ ራሱ ጠፋ። አመዱን በጣታቸው ሲነኩት ዱቄት ሆነ። አሸተቱት።

«ይሄ ፀጉር ነው» አሉ። «ሰው ሰው ይሸታል።»

የርስዎ ትል የሠራው ይሄ ነው አልኳቸው። ጣራው ሥር ከነበረው ጆንያ።

ቁራጩን ተቀብለው ገለበጡት፣ ወደ ብርሃን ያዙት። «አያበራም እኮ! ጥጥ አይደለም?» ሐር ነው አዬ። «ይሄን ሱቅ ቢሰቅሉት አልገዛውም ነበር» አሉ። ትንሽ ፈገግታ አየሁ፣ ወዲያው ጠፋ። ዓይናቸው ወደ እንሰቱ ማዶ ሄደ። መቃብሩ እዚያ ነው።

«እሱ ላይ ያለው... አይበሰብስም?»

አይበሰብስም።

«እሱስ?»

ውሸት እንዳትነግረኝ ብለውኛል። እሱ ይበሰብሳል አልኩ። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም።

«ጨርቁ ይቀራል።»

ይቀራል አዬ። እኛ ሁላችን ካለፍንም በኋላ።

ጩኸት ጠበቅኩ። ደረታቸውን ሲመቱ እጃቸውን ልይዝ ተዘጋጅቼ ነበር። አዬ ግን ዶቃዋን በጣታቸው አንከባለሉ። ዶሮዋ መጥታ አመዱን ጫረችው።

«ደግ» አሉ።

ምን አሉኝ አዬ?

«ልጄ ቶሎ አለቀ። ምንም ሳይቆይ። ጨርቁ እንኳ ይቆይለት።» ዶቃዋን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ከዚያ የኤርካሎን ቁራጭ አጥፈው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ለኔ ግን ይሄን ሥራልኝ። የሚያልቀውን። እኔ ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ፣ አፈር ቶሎ ይውሰደኝ።»

ጩኸት ተሰማ። የአዬ መስሎኝ ቀና አልኩ። አፋቸው ዝግ ነው። የኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። መሬት ላይ ነበርኩ። አፌ ውስጥ አፈር ነበር። ስሙን እየጠራሁ ነበር፣ ደገፉ፣ ደገፉዬ፣ እንደ ቀብር ቀን፣ በቀብር ቀን ያልጠራሁትን። ህብረት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች፣ ሌሎች ሴቶችም ከየደጃቸው ሮጡ። ማን ሞተ? ማን ሞተ? ይላሉ። ህብረት ልታነሳኝ ብብቴን ያዘች። አዬ እጇን መለሱት።

«ተዉት» አሉ። «ያልቅስ። የሱ ለቅሶ ዛሬ ነው።»

ህብረት አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና አብራኝ አለቀሰች። ስለ ጨርቁ ማንም አላነሳም።

ደክሞኛል። ፊቴ አብጧል። ነገ እሑድ ነው፣ እተኛለሁ።

መጋቢት 21

ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ። እትዬ ሚርያም አጥሚት አመጡልኝ። ጨው በዝቶበታል። ጨው በዝቶበታል!

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ለፋሲካ ኮምቦልቻ አልሄድኩም። እማዬ ተቆጣች። ትሎቹን ማን ይመግባቸው? አልኳት። «የምን ትሎች?» አለች። ማስረዳት ጀመርኩ፣ መሃል ላይ እኔው ሳቄ መጣ፣ እሷም አዳመጠችኝና «በይ ደህና ነሽ» አለች። የዝውውር ነገር አላነሳችም።

ትሎቹ አዬ ከመደርደሪያቸው ላይ በጫማ ካርቶን የሰጡኝ ናቸው፣ አሁን አልጋዬ ሥር ሁሉ ትል ነው። ጉሎ ከኮሌጁ አጥር ጀርባ እቆርጣለሁ። ዘበኛው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ትቷል። ሌሊት ሲበሉ እሰማቸዋለሁ። እንቅልፍ አይከለክሉኝም።

ዛሬ አንደኛ ዓመቶቹ ፍተሻውን ተማሩ። አሁን ሐር አለን። ሳሚ የሱ ክፍል ሳይሆን መጥቶ ከኋላ ቆመ። ክሩን ለእሱ ሰጠሁት፣ እሱ አቃጠለው። ፀጉር ሸተተ... ሲያስተኩሱ የሚሸተው ዓይነት። መስኮት ክፈቱ አልኩ፣ ከሁሉም ቀድሜ። ክሩን በሁለት እጃቸው እየሳቡ ሞከሩት። የፖሊስተሩን ለመበጠስ ጥርሳቸውን ነከሱ፣ የኔ ሐር ግን ወዲያው ተበጠሰ። «ቲቸር፣ ታዲያ የቱ ይሻላል?» አለች አንዷ። ለማን? አልኳት። ይህንን ጻፉ አላልኩም።

ቤት ስገባ የደገፉን ሸሚዝ ከተሰቀለበት አወረድኩ። አፍንጫዬን አንገትጌው ውስጥ ቀበርኩ። አለ። ጥቂት፣ ግን አለ፣ ላቡ። ፖሊስተር የሰው ጠረን ይይዛል፣ ቶሎ አይለቅም፤ በየዓመቱ እንደ ጉድለቱ ነው የማስተምረው። መልሼ ሰቀልኩት። አሁን ለምን እንደማላጥበው አውቃለሁ።

አመሻሽ ላይ አዬ ደወሉ፣ እየጮኹ። ህብረት ሐር ትል ስጪኝ ብላ መጥታለች። አልሰጥሽም ብለዋታል። ነገ ይሰጧታል፣ አውቃቸዋለሁ።

«የኔ ጨርቅ የት ደረሰ?»

ገና ነው አዬ። ክንድ አይሞላም።

«አትቸኩል» አሉኝ። «ጨርቁ ሳይደርስ የትም አልሄድም።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንዝርቱን አነሳሁ። ክሩ ደጋግሞ ተበጠሰብኝ። ደስ አለኝ።